ጸጥ ያለ ሰፈርን የሚሠራው ጎረቤት ነው
በከተማ ዳርቻ ባሉ አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮች የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ

ቤት የሚፈልግ ቤተሰብ ምን ዓይነት ሰፈር እንደሚመኝ ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ አየር ያለው፣ ልጆች ያለ ስጋት የሚያድጉበት ሰፈር። ይህ ምኞት ለመንፈሳዊ ሕይወትም እንግዳ አይደለም። ነቢዩ ዘካርያስ በትንቢቱ ምዕራፍ 8 እግዚአብሔር ዳግመኛ የሚጎበኛትን ኢየሩሳሌምን ሲያሳየን፣ ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ምርኩዛቸውን ይዘው በአደባባይዋ እንደሚቀመጡ፣ ጎዳናዋም በሚጫወቱ ልጆች እንደሚሞላ ይነግረናል። የከተማይቱ ሰላም የታወቀው በእነዚህ በሁለቱ፣ ማለትም በአረጋውያንና በሕፃናት ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን ዳርቻ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ይህን ምኞት ይዘው ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ገብተዋል፤ ሌሎችም ሳያስቡት በልማት ምክንያት ከነበሩበት ተነሥተው ሄደዋል። በብዙዎቹ ሰፈሮች የተፈለገው ጸጥታ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ለአገልግሎት ወደነዚህ ሰፈሮች በወጣን ቁጥር ከነዋሪዎች የምንሰማው፣ ቤቱ መልካም ሆኖ ሳለ ሰው ማጣታቸውን ነው። አረጋውያኑ በአደባባይ ሳይሆን በአራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጆቹም ከጎዳናው ይልቅ በተዘጋ በር ውስጥ ከስልክ ጋር ይውላሉ።

በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ሰፈሮች ለምን እንዲህ እንደሆኑ፣ የቤተሰብ ሰፈር የሚባለው ጸጥታ ከምን እንደሚመጣ፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤና ካህናትም በአቅማቸው ምን ማድረግ እንደሚችሉ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ዕጣ ያከፋፈለው ጎረቤት

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት መሠራት የጀመሩት በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ነዋሪዎች በ1997 ዓ.ም.፣ በኋላም በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ዕጣ ጠብቀዋል። 20/80 በተባለው መርሐ ግብር ባለዕድለኛው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ አስቀድሞ ሲከፍል ቀሪውን 80 በመቶ በባንክ ብድር ይሸፍናል። በከተማይቱ መካከል ሰፊ መሬት ማግኘት ስላልተቻለ ታላላቆቹ ሳይቶች ወደ ዳርቻው ወጡ፤ ጀሞ፣ ሰሚት፣ ገላን፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የመሳሰሉት በዚህ መንገድ የተመሠረቱ ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢዋ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ ምክንያት ብዙ ነዋሪዎች ወደ ዳርቻው ተዛውረዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው የዕጣውን ባሕርይ ነው። ዕጣ ለተመዘገበው ሁሉ እኩል ዕድል ለመስጠት የተመረጠ ፍትሐዊ መንገድ ነው፤ ጎረቤትን ግን አይመለከትም። አርባ ዓመት በአንድ አጥር ተጎራብተው፣ በአንድ ጀበና ቡና ጠጥተው የኖሩ ሁለት እናቶች አንዷ ጀሞ፣ ሌላዋ የካ አባዶ ሊደርሳቸው ይችላል፤ ሁለቱም ሳይቶች በከተማይቱ ሁለት ጫፍ ላይ ናቸው። በአንድ ብሎክ ውስጥ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቤተሰቦችም ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደሞተባቸው፣ ማን እንደተወለደላቸው አይተዋወቁም።

ሁለተኛው ምክንያት የቤቱ ስፋት ነው። በመነሻ ዲዛይኑ መሠረት ስቱዲዮ የሚባለው ቤት እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታ እስከ 30 ካሬ ሜትር፣ ባለ ሁለት መኝታ እስከ 45 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ባለ ሦስት መኝታው ከዚያ ይበልጣል። በ20 ካሬ ሜትር ውስጥ ለቅሶ መቀመጥ፣ ክርስትና ማብላት፣ ማኅበር ማውጣት አይቻልም። ይህ ስለታወቀም ከመኖሪያ ብሎኮቹ አጠገብ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ከብት የሚታረድበትና ለቅሶም ሆነ ድግስ የሚስተናገድበት የጋራ መገልገያ ሕንፃ እንዲሠራ ተደርጓል። ይህ ሕንፃ ለታለመለት አገልግሎት በዋለበት ሰፈር ጎረቤት የሚገናኝበት ስፍራ አለው፤ ተከራይቶ ወይም ተዘግቶ በቀረበት ሰፈር ግን መገናኛ የለም።

ሦስተኛው ምክንያት ተከራይነት ነው። ብዙ ባለቤቶች ቤታቸውን ያከራያሉ፤ ተከራዩም ኪራይ በጨመረ ቁጥር ይዛወራል። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን እንዲያስተዳድር ያቋቋመው የቤት ባለቤቶችን ማኅበር ነው። ስለሆነም በደረጃው የሚወጣና የሚወርደው ተከራይ በሰፈሩ ጉዳይ ድምፅ የለውም፤ ባለቤቱም ሌላ ሰፈር ስለሚኖር በስብሰባው ላይ አይገኝም። ሁለቱም በሌሉበት ሰፈሩ ባለቤት ያጣል።

ከዕቃ ጋር አብሮ የማይጫነው

ቤተሰብ ሲዛወር አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ምድጃውን ይጭናል። የማይጫኑ ግን ደግሞ የከበሩ አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ዕድር ነው። ዕድር በሃይማኖት ሳይለይ ጎረቤትን የሚያሰባስብ፣ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን በጋራ የሚያስቀምጥ፣ ሐዘን በደረሰ ጊዜ ሰውን ከማንም በፊት የሚያደርስ ተቋም ነው። የተዛወሩ ብዙ ቤተሰቦች ወርኃዊ መዋጮአቸውን ለቀድሞው ዕድር ይከፍላሉ። ይህ ታማኝነት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ድንኳኑ ከመሐል ከተማ እስከ ዳርቻው ሲጓዝ፣ ዕድርተኛውም ሁለት ሦስት ትራንስፖርት ይዞ ሲመጣ፣ በሌሊት የሞተ ሰው ቤት እስኪነጋ ድረስ ብቻውን ይቀራል።

ሁለተኛው ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ነው። እነዚህ በአንድ አጥቢያ ታቦት ስም የተመሠረቱ፣ በወር አንድ ጊዜ ሰውን በማዕድ የሚያገናኙና የታመመውን የሚጠይቁ ስለሆኑ ማኅበርተኛው ሲበታተን ቀስ በቀስ ይደክማሉ።

ሦስተኛው የንስሐ አባት ነው። የተዛወረው ምእመን የንስሐ አባቱ በቀድሞው አጥቢያ ይቀራሉ። አባትም ዕድሜያቸው ከገፋ ወደ ዳርቻው መመላለስ ይቸግራቸዋል። በቤቱ ጸበል የሚረጭ፣ ታማሚ ሲኖር ለቅዱስ ቁርባን የሚያዘጋጅ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቅ አባት ሳይኖር ዓመታት ያልፋሉ። የአዲሱ አጥቢያ ካህናትም የሌላ አባት ልጅ ነው ብለው ወደ ቤቱ አይገቡም።

አራተኛው የሰበካ ጉባኤ አባልነት ነው። ሰበካ ጉባኤ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በቃለ ዓዋዲ የሚመራ፣ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድነት የሚያሠራ የአጥቢያ አስተዳደር መሆኑ ይታወቃል። የተዛወረው ቤተሰብ በቀድሞው አጥቢያ ክፍያውን ካቋረጠ፣ በአዲሱም ካልተመዘገበ በሁለቱም መዝገብ የለም። ይህ የሚታወቀው ደግሞ እጅግ በማይመች ሰዓት ነው። አስከሬን በቤት አስቀምጦ የጸሎተ ፍትሐትንና የቀብር ስፍራን ጉዳይ ለመጨረስ የሚሮጥ ሰው፣ የሟቹን የክርስትና ስምና የንስሐ አባት ሲጠየቅ መልስ ያጣል። ሐዘኑ ሳያንስ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። በእነዚህ ሰፈሮች የሚያገለግል ካህን ሁሉ ይህን ሁኔታ ያውቀዋል።

ሁለት ዓይነት ጸጥታ

ከላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው ጸጥታ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንደኛው ሰው ከሰው ባለመገናኘቱ የሚመጣ ጸጥታ ነው። በሮች ተዘግተዋል፤ ማንም ማንንም አይረብሽም፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ጸጥታ በቀን ምቹ ይመስላል፤ በሌሊት ግን ያስፈራል። ሌባ በደረጃው ቢወጣ የቤቱ ሰው ይሁን እንግዳ የሚለየው የለም። በአራተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ቢወድቁ እስከ ማግስቱ የሚያውቅላቸው አይገኝም። ሕንፃዎቹ በአብዛኛው ከምድር በላይ አራት ፎቅ ሆነው ያለ ሊፍት የተሠሩ በመሆናቸው፣ ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያን ከቤተ ክርስቲያን የሚቀሩት ፈቃድ አጥተው ሳይሆን ደረጃው ከልክሏቸው ነው።

ሁለተኛው ሰዎች በመተዋወቃቸው የሚመጣ ጸጥታ ነው። በዚህ ሰፈር ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል፤ ቡና ጠጡ ሲባባሉ ይሰማል፤ ሙቀጫ ይወቀጣል። ድምፅ ባይጠፋም ስጋት የለም። የታመመ መኖሩን የሰማ ጎረቤት የራዲዮኑን ድምፅ ይቀንሳል፤ ሐዘን ያለበት ቤት እስኪረጋጋ ሌላው ድግሱን ያስተላልፋል። እንዲህ ያለውን ጸጥታ አጥርና ጥበቃ ብቻቸውን አያመጡትም፤ መከባበር ያመጣዋል፤ መከባበር ደግሞ ከመተዋወቅ ይወለዳል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው የአባቶቻችን ብሂልም ይህንኑ ያስረዳል።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ባልንጀራዬ ማን ነው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ መመለሱን እናስታውስ። ባልንጀራ ሆኖ የተገኘው በዘርም በሰፈርም የተወለደው ሳይሆን ቀርቦ ቁስሉን ያሰረው ነው። ዕጣ በአንድ ደረጃ ላይ ያስቀመጣቸው ሰዎች ባልንጀሮች የሚሆኑት አንዱ ወደ ሌላው ሲቀርብ ነው። የሚያቀራርባቸው ግን ያስፈልጋል። በአዳዲስ ሰፈሮች ደግሞ ገና ዕድር ሳይቋቋም፣ እድሜ ጠገብ ሽማግሌ ሳይታወቅ፣ በየሳምንቱ ሰውን በአንድ ስፍራ የምታሰባስብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ስለዚህ ጥያቄው ከማንም በፊት ወደ እኛ ይመጣል።

ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ

ለቤተሰብ የሚስማማ ሰፈር የሚፈተነው ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተዋል፤ ሥራው መሐል ከተማ የሆነ ወላጅ ግን ገና በታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። በነባሩ ሰፈር ይህን ክፍተት የሚሞላው ጎረቤት ነበር። ልጁ ቁልፍ ባያገኝ ጎረቤት ቤት ይገባል፤ ሲያጠፋ የጎረቤት አባት ይገሥጸዋል፤ ሲርበው የጎረቤት እናት ትቆርስለታለች። በአዲሱ ሰፈር ይህ ሁሉ ስለሌለ ወላጅ ያለው ምርጫ ወይ በሩን ቆልፎበት መሄድ፣ ወይም በብሎኮች መካከል መኪና በሚቆምበትና በሚዞርበት ስፍራ እንዲጫወት መተው ነው።

ብዙ አጥቢያዎች በሳምንቱ መካከል ባዶ የሚውል አዳራሽና ሰፊ ቅጥር አላቸው። አዳራሹን በእነዚህ ሦስት ሰዓታት መክፈት ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና ተራ ገብተው የሚጠብቁ ሰዎች ይበቃሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የቤት ሥራ ያግዛሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህራን በየሰፈሩ አይጠፉም፤ የአብነት መምህሩም ለሚፈልጉ ፊደልና ውዳሴ ማርያም ያስተምራሉ።

ይህ ሥራ ሲጀመር ግን የልጆች ደኅንነት በቃል ሳይሆን በሥርዓት መጠበቅ አለበት። የሚከተሉት አራት ነጥቦች ከመክፈቻው ዕለት በፊት በሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ሊጸድቁ ይገባል። አንደኛ፣ በማንኛውም ጊዜ ከልጆች ጋር ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይገኙ፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል አይሁን። ሁለተኛ፣ ጠባቂዎቹ ስማቸውና አድራሻቸው የተመዘገበ፣ በአጥቢያው የታወቁና ዋስ ያላቸው ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ልጁን ማን እንደሚወስደው ወላጅ በጽሑፍ ያሳውቅ። አራተኛ፣ ልጅ ወይም ወላጅ ቅሬታ ቢኖረው ለማን እንደሚያቀርብ አስቀድሞ ይነገር፤ ቅሬታውም እንዳይደበቅ ይደረግ።

ቅጥሩን በተመለከተ፣ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ምን ያህል ሀገር በቀል ዛፍ እንዳተረፉ ሁላችን እናውቃለን። በኮንክሪት በተሸፈነ ሰፈር ውስጥም የአጥቢያው ቅጥር ብቸኛው ጥላ ሊሆን ይችላል። በቅጥሩ ዙሪያ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ጥድና ዝግባ ቢተከሉ፣ ከሥራቸውም መቀመጫ ቢሠራ፣ ደረጃ የሰለቻቸው አረጋውያንና ሜዳ ያጡ ልጆች በአንድ ጥላ ይገናኛሉ። ዛፎቹ እስኪያድጉ ዓመታት ስለሚፈጁ ተከላው ከሕንፃው ግንባታ ጋር አብሮ ቢጀመር መልካም ነው።

ስለ ራሳችን ድምፅ

ስለ ጸጥታ ስንናገር ስለ ሌላው ድምፅ ብቻ ብንናገር ፍትሐዊ አንሆንም። የመጠጥ ቤት ሙዚቃ፣ የግንባታ ማሽን፣ የጀነሬተር ጩኸት ሰፈርን እንደሚረብሹ ሁሉ፣ አቅጣጫው ያልታሰበበት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያም ይረብሻል። ይህን ስንል ማኅሌቱ፣ ሰዓታቱና ቅዳሴው ይቀነስ ማለታችን አይደለም፤ ጥያቄው ማጉያው በየት ተሰቅሎ፣ ወደ የት ዞሮ፣ በስንት ሰዓት እንዲሠራ ይሁን የሚል ነው።

የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ተቀራርበው በተለመደ ድምፅ ሲነጋገሩ 60 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል። ድምፁ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማል። በአገራችን የአካባቢ መመዘኛ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ወሰን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ሲሆን፣ የሌሊቱ ወሰን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይጸናል።

በገላጣ ስፍራ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ በጣሪያ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ማጉያ በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል ቢያወጣ፣ በ16 ሜትር 76፣ በ64 ሜትር 64፣ በ128 ሜትር 58፣ በ512 ሜትር 46 ይሆናል። ግማሽ ኪሎ ሜትር ተጉዞም ከሌሊቱ ወሰን በታች አልወረደም ማለት ነው። በአንጻሩ በምእመናን መካከል የተቀመጠ፣ በ1 ሜትር 75 ዴሲቤል የሚያወጣ አነስተኛ ማጉያ በ32 ሜትር ላይ 45 ይደርሳል። ሁለት እኩል ማጉያዎች ሲደመሩ የሚጨምሩት 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ትናንሽ ማጉያዎችን በሰው መካከል ማከፋፈል አንዱን ትልቅ ከማስጮኽ ይሻላል። ግድግዳና ነፋስ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ቢያደርጉትም መሠረተ ሐሳቡ አይለወጥም። በተለይ አራት ፎቅ ባለበት ሰፈር በጣሪያ ላይ የተሰቀለ ማጉያ በቀጥታ የሚመለከተው የላይኞቹን ፎቆች መስኮት መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ስለሆነም አጥቢያዎች የሚከተሉትን እንዲመለከቱ እንመክራለን። ማጉያዎች ከጣሪያ ወርደው ወደ ቅጥሩ ውስጥና ወደ ታች ይዙሩ። በሌሊት አገልግሎት የውስጥ ማጉያ ብቻ ይሥራ፤ ሰውን ለመጥራት ደወል በቂ ነው። የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ሊታለፍ የማይገባው ልክ በቀለም ይመልከት፤ ኃላፊነቱም ለአንድ ሰው ይሰጥ። ንግሥና ዐቢይ በዓል በሚሆንበት ጊዜ ሰዓቱ ለአካባቢው ነዋሪ አስቀድሞ ይነገር።

በዚያ ሰዓት በየመስኮቱ ውስጥ ማን እንዳለ እናስብ። የዐሥር ቀን ሕፃን የታቀፈች አራስ አለች፤ ከሌሊት ተረኛነት የተመለሰ የጥበቃ ሠራተኛ አለ፤ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ አለ፤ የሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤት አለ። ካህን በሌሊት የሚነሣው ለእነዚህ ሁሉ ለመጸለይ ነው። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ ከነፋሱ፣ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ በኋላ እግዚአብሔርን ያገኘው በለሆሳስ ድምፅ መሆኑን የምናስተምር እኛው ነን። ደግሞም የራሱን ማጉያ ያስተካከለ ሰበካ ጉባኤ ወደ ጎረቤቱ መጠጥ ቤት ሄዶ ድምፅ እንዲቀንስ ሲጠይቅ ቃሉ ይከበራል።

ከምን እንጀምር?

ሁሉን በአንድ ጊዜ መጀመር አይቻልም። የሚከተለው ቅደም ተከተል ለማንኛውም አዲስ አጥቢያ ይስማማል ብለን እናምናለን።

1. የብሎክ ምዝገባ። የሰፈሩን ብሎኮች ዝርዝር ይዞ ለእያንዳንዱ ብሎክ እዚያው ከሚኖሩ ምእመናን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተጠሪ መምረጥ ነው። ተጠሪዎቹ በየቤቱ ዞረው የቤተሰቡን ቁጥር፣ የክርስትና ስም፣ የንስሐ አባት፣ የታመመ ወይም ብቻውን የሚኖር አረጋዊ መኖሩን ይመዘግባሉ። ባለቤትና ተከራይ አይለይ። መዝገቡ የሰው ምሥጢር ስለሚይዝ በአንድ ኃላፊ እጅ ይቀመጥ፤ ለገንዘብ ማሰባሰቢያም አይዋል። ወጪው ደብተርና እስክሪብቶ፣ ከዚያም የእግር ጉዞ ነው።

2. ክርስትናን እንደ መግቢያ በር መጠቀም። አዲስ ቤተሰብ ለወንድ ልጅ በ40፣ ለሴት ልጅ በ80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ከአጥቢያው ጋር ከዚያ በፊት ባይተዋወቅ በዚያ ዕለት ይተዋወቃል። የጥምቀቱ መዝገብ ሲሞላ ብሎኩና የቤት ቁጥሩ አብሮ ይጻፍ፤ በማግስቱም የብሎኩ ተጠሪ እናቲቱን ትጠይቅ።

3. የንስሐ አባቶችን በብሎክ መመደብ። ነባር አባት ያለው ምእመን አባቱን እንዲተው አይገደድም። ነገር ግን ቅርብ የሆነ ካህን ለድንገተኛ ጥሪ እንዲኖረው፣ መዛወር ለሚፈልገውም ነባሩን አባት አስፈቅዶ እንዲዛወር መንገዱ ይመቻች። የተመደበው ካህን በወር አንድ ጊዜ የደረጃውን ሁሉ ቤት ሊያንኳኳ ባይችል እንኳ በመዝገቡ የተጻፉትን ታማሚዎችና አረጋውያን ይጎብኝ።

4. ዕድሮችን ማገናኘት። ቤተ ክርስቲያን ዕድር ማቋቋም አይጠበቅባትም፤ ዕድር የነዋሪው ሁሉ ነው። ነገር ግን አዳራሽዋን ለምሥረታ ስብሰባ መስጠት፣ ድንኳንና ወንበር ማስቀመጫ ስፍራ መፍቀድ፣ የቀድሞ ዕድራቸውን ያልተዉ ሰዎች እስኪደርስላቸው ድረስ የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያድር ጎረቤት እንዲኖር ማስማማት ትችላለች። ከሌሎች የሃይማኖት ተቋማት ጋርም በዚህ ጉዳይ መመካከር ይገባል፤ ሐዘን በር ሲያንኳኳ እምነት አይጠይቅምና።

5. ከቤት ባለቤቶች ማኅበር ጋር መሥራት። የጋራ መገልገያ ሕንፃው ለለቅሶና ለድግስ ክፍት እንዲሆን፣ በደረጃዎች ላይ መብራት እንዲኖር፣ በብሎኮች መካከል ያለው የልጆች መጫወቻ በመኪና እንዳይያዝ ለማኅበሩ በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። የማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ የእኛው ምእመናን ናቸው፤ በዐውደ ምሕረት የተነገረው ጉዳይ በስብሰባቸው ላይ ይታወሳል።

6. አዳራሹን ለልጆች መክፈትና ማጉያዎቹን ማስተካከል። እነዚህን ከላይ በተገለጸው መንገድ፣ በሰበካ ጉባኤ ውሳኔ፣ ኃላፊ ተመድቦላቸው መፈጸም ነው።

የሥራው ፍሬ የሚለካበት መንገድ ቀላል ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ተጠሪዎቹ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሱ። በዚህ ብሎክ ባለፈው ዓመት የሞተ ሰው በነበረ ጊዜ በመጀመሪያው ሌሊት ጎረቤት አድሮ ነበርን? ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በሳምንቱ ውስጥ የጠየቃቸው ሰው አለን? ልጆች ከትምህርት ቤት እስከ ምሽት የሚውሉበት የታወቀ ስፍራ አላቸውን? ለሦስቱም መልሱ አዎን ከሆነ ያ ሰፈር በእውነት ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ካልተመለሰ ደግሞ ሰበካ ጉባኤው በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዱ ከምን መጀመር እንዳለበት ያውቃል።

የአጥቢያ አስተዳዳሪዎች፣ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በመጪው መደበኛ ስብሰባችሁ ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ይዛችሁ ቢያንስ የመጀመሪያውን፣ ማለትም የብሎክ ምዝገባውን፣ እንድትወስኑ በአክብሮት እናሳስባለን። ነቢዩ ያያት ከተማ ሽማግሌዎችዋ በአደባባይ የተቀመጡባት፣ ልጆችዋ በጎዳና የሚጫወቱባት ናት። እንዲህ ያለውን ሰፈር በየአጥቢያችን ለማየት የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነትና የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።